ናይል፣ ጣና ወይስ ሐይቅ? ልጆችን ይዞ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሳ ቤተሰብ የንጽጽር መመሪያ

ሐምሌ ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ በየቤቱም «ዘንድሮስ ልጆቹን ወዴት እንውሰዳቸው?» የሚል ወሬ ይነሳል። በመርከብ በናይል ላይ እየሄዱ የፈርዖኖችን መቅደሶች ማየት ካሰባችሁ ከዋጋው በፊት ቀኑን አስቡ። በሐምሌና በነሐሴ ሉክሶርና አስዋን ላይ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ክረምቷ ጉምና ብርድ የሆነ ከተማ ናት። ከጦሳ ተራራ ግርጌ ሹራብ ደርቦ የተነሳ የአምስት ዓመት ልጅ፣ ጥላ በሌለው የድንጋይ ግቢ ውስጥ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ አንድ እርምጃ አይራመድላችሁም። የኮምቦልቻ ልጅ ሙቀት ትንሽ ይለምድ ይሆናል፤ ያም ቢሆን የላይኛው ግብፅ ደረቅ ግለት ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ለናይል የሚሆነው የኛ የትምህርት ቤት ዕረፍት የመንፈቅ ዓመቱ ብቻ ነው፤ የጥር መጨረሻና የየካቲት መጀመሪያ። ያኔ ቀኑ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ይሆናል፤ ሌሊቱ ደግሞ ይበርዳል። ክረምቱን መጠቀም ግድ ከሆነባችሁ ናይልን ተዉት፤ ከጣናና ደሴ አጠገብ ካለው ከሐይቅ አንዱን ምረጡ፣ እነሱንም ከዝናቡ ሰዓት ጋር አስታርቃችሁ።

ሦስቱንም ከዚህ በታች እናነጻጽራለን። መመዘኛችን አንድ ነው፤ ከቤቱ ልጆች ትንሹ በምን ሰዓት ይተኛል፣ ስንት ደረጃ ይወጣል፣ ሙቀትን ምን ያህል ይችላል? ጉዞው የሚሳካው ወይም የሚበላሸው በትንሹ ልጅ ነው፤ ታላቁ ልጅና ወላጅ ሌላውን ሁሉ ይችሉታል።

ሐይቅ፦ የአንድ ቅዳሜ ሙከራ

የሐይቅ ከተማ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ጠዋት ወጥቶ ለምሳ መመለስ ይቻላል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ገዳም ነው፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ ብዙ መነኮሳት የተማሩበት፣ የብራና መጻሕፍት የተጻፉበትና የተጠበቁበት ቦታ ነው። ቀድሞ ደሴት ነበር፤ አሁን በቀጭን መሬት ከዳርቻው ጋር ተገናኝቷል።

አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ለቤተሰቡ ይነገር፤ ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም። አባትና ወንድ ልጅ ገብተው እናትና ሴት ልጅ በር ላይ አንድ ሰዓት ቢጠብቁ ቅዳሜዋ ለሴት ልጅቷ የመከፋት ቀን ትሆናለች። መፍትሔው ከመነሳት በፊት መከፋፈል ነው፤ ወንዶቹ ገዳሙን ሲያዩ ሴቶቹ በጀልባ ሐይቁን ይዞራሉ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድነት ዳርቻው ላይ ዓሣ ይበላሉ።

ሐይቅን ከናይልና ከጣና ጋር ያነሳነው እኩል ስለሆኑ አይደለም። ትልቁን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ልጃችሁን የምትፈትኑበት ቦታ ስለሆነ ነው። በግማሽ ሰዓት የጀልባ ጉዞ ሦስት ነገር ታውቃላችሁ፤ የሕይወት አድን ጃኬቱን ሳያወልቅ ይቆያል ወይ? ቁጭ በል ሲባል ይቀመጣል ወይ? ያጥወለውለዋል ወይ? በሦስተኛው ላይ ብዙ ወላጅ ይሳሳታል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርድ የሚያስመልሰው ልጅ ናይል ላይ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ትልቁ መርከብ በዝግታ ይሄዳል፣ ወንዙም ማዕበል የለውም። በትንሽ ጀልባ ላይ ሐይቅ ውስጥ የታመመ ልጅ ግን ጣና ላይም መታመሙ አይቀርም።

የሐይቁ ጥልቀት ወደ 80 ሜትር ይጠጋል፤ ዳርቻውም ቶሎ ይጠልቃል። «እግሩን ብቻ ይንከር» አትበሉ። ለዚህ ሌላም ምክንያት አለ፤ ከውሃው በቆዳ የሚገባው ጥገኛ ትል፣ ቢልሃርዚያ። በሐይቅም፣ በጣናም፣ በናይልም ልጅ ውሃ ውስጥ አይገባም፣ በእጁም አይጫወትበት።

ጣና፦ ቅርብ የሚመስለው ሩቅ

ከደሴ ባሕር ዳር በወልዲያ፣ በጋሸናና በደብረ ታቦር ዞሮ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለልጅ በአንድ ቀን ይከብዳል፤ የግድ በመኪና ከሆነ መሃል ላይ አድሮ መሄድ ነው። የመንገዱ ፀጥታ የሚለዋወጥ ስለሆነ ሳምንት ቀድሞ የተሰማ ወሬ ይዞ መነሳት ልክ አይደለም፤ በዚያው ሳምንት የተመላለሱ ሾፌሮችን ጠይቁ፣ በዋዜማውም ደግማችሁ አጣሩ። ጥርጣሬ ካለ በአዲስ አበባ በኩል በአውሮፕላን መሄድ ወይም ጉዞውን ማስተላለፍ ነው። ልጅ ተይዞ «እስቲ እንሞክረው» የሚባል መንገድ የለም።

ጣና ላይ ያሉት የአምልኮ ቦታዎች በሥራ ላይ ያሉ ገዳማት ናቸው፤ እንደ ሙዚየም አይታዩም። 37 ገደማ ደሴቶች አሉ፤ የሁሉም ሥርዓት አንድ አይደለም። ክብራን ገብርኤል ለባሕር ዳር ቅርብ ቢሆንም ሴት አይገባበትም፤ ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ። ለሙሉ ቤተሰብ የሚሆነው የዘጌ ልሳነ ምድር ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ወንድም ሴትም ይገባባቸዋል፤ ክብ ናቸው፣ የመቅደሱን ግድግዳ ዙሪያውን የሸፈነው ሥዕል ለልጅ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ነው። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ከወደቡ እስከ ዑራ በቡና ደን ውስጥ አሥራ አምስት፣ ሃያ ደቂቃ ዳገት አለ፤ የአራት ዓመት ልጅ ይወጣዋል፣ ሲመለስ ግን ታዝላላችሁ።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ በጣም ያምራል፤ ሴቶችም ይገባሉ። ነገር ግን ደቅ ደሴት ላይ ስለሆነ ለአንድ መንገድ ብቻ ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። ልጅዎ ከአሥር ዓመት በታች ከሆነ ይቅርባችሁ። በዘጌ ግማሽ ቀንና ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን አፍ ማየት ይበቃል፤ እዚያ ጉማሬ ሊታይ ይችላል። ነጂው ልጆቹን ለማስደሰት እንዲጠጋ አትጠይቁት፤ ግልገል ያላት ጉማሬ ጀልባ ትገለብጣለች።

ጣና ሰፊ ነው፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ። ጥልቀቱ ግን 15 ሜትር አይሞላም። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል፤ ማዕበሉም አጭርና ተደራራቢ ስለሆነ ትንሽ ጀልባ ያንገጫግጫል። ነፋሱ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተነስታችሁ ከስድስት ሰዓት በፊት ባሕር ዳር መድረስ አለባችሁ። «ምሳ በልተን እንነሳ» የሚል ነጂ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጀልባው ላይ ወጥታችሁ እዩ። የሕይወት አድን ጃኬት በሰው ቁጥር ልክ መኖሩን ቆጥራችሁ አረጋግጡ፤ የልጅ መጠን መኖሩን ለይታችሁ ጠይቁ። የልጅ ጃኬት የሚመረጠው በዕድሜው ሳይሆን በክብደቱ ነው፤ ክብደቱ ውስጡ ላይ ተጽፏል። አልብሱት፣ ማያያዣዎቹን ሁሉ ቆልፉ፣ ከዚያ የጃኬቱን ትከሻ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ጃኬቱ ወደ ጆሮው ከወጣ ሰፍቶታል ማለት ነው፤ ውሃ ላይ ሲወድቅ ልጁ በሥሩ ሾልኮ ይወጣል። በእግር መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ለትንንሾች የተሻለ ነው። ጥሩ የልጅ ጃኬት ማግኘት ችግር ስለሆነ፣ ሁለት ሦስት ጉዞ ካሰባችሁ አንድ መግዛት ይሻላል፤ ቀላል ነው፣ ለሐይቅም ለናይል ትናንሽ ጀልባዎችም ይሆናል። የሚነፋ የመዋኛ ቀለበት ምትክ አይሆንም።

ከጃኬቱ ቀጥሎ ጣሪያውን፣ መቅዘፊያውንና ትርፍ ነዳጁን እዩ። ሞተሩ ሐይቅ መሃል ቢቆም የሚያድናችሁ የነጂው ስልክና ያ መቅዘፊያ ነው። በጉዞ ላይ ደግሞ ፎቶ ለማንሳት ሁላችሁም በአንድ ጎን አትሰብሰቡ።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ከመስቀል በኋላ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ አገሩ አረንጓዴ ነው፣ ጢስ ዓባይም ውሃው ይበዛል፤ ነገር ግን የወባ ወቅት ነው። አጎበር ያለው ክፍል ያዙ፣ ልጆችን ምሽት ላይ እጅጌ ረጅም አልብሱ። ግብፅ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ጤና ድርጅት ከወባ ነፃ ተብላለች፤ በዚህ በኩል ናይል ይቀላል።

ናይል፦ በምን ዓይነት ጀልባ?

ናይል ላይ ምርጫው ብዙ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም እንላለን።

የተለመደው ትልቅ መርከብ በሉክሶርና በአስዋን መካከል ይመላለሳል። ከአስዋን ወደ ሉክሶር ሦስት ሌሊት፣ ከሉክሶር ወደ አስዋን አራት ሌሊት ነው። ናይል ወደ ሰሜን ስለሚፈስ ከአስዋን መነሳት ከውሃው ጋር መውረድ ነው። ለልጆች የምንመርጠው ይህንኑ የሦስት ሌሊቱን ነው። በአራት ሌሊቱ ጉዞ መርከቡ መጀመሪያ ሉክሶር ላይ ታስሮ ይቆማል፤ ልጆቹ «መቼ ነው የሚሄደው?» እያሉ ሳለ ከባዶቹን ቦታዎች፣ የካርናክን መቅደስና የፈርዖኖች መቃብር ያለበትን የነገሥታት ሸለቆን፣ ገና ሳይለምዱ እንዲያዩ ይደረጋል። ከአስዋን የተነሳ ግን በትንሽ ጀልባ ወደ ፊላይ መቅደስ ይሄዳል፣ በማግስቱ ኮም ኦምቦ ላይ የደረቁትን አዞዎች ያያል፣ ከባዱን ሸለቆ መጨረሻ ላይ ያገኘዋል።

ክፍል ስትይዙ አራት ነገር ጠይቁ። መጀመሪያ ፎቁን፤ የታችኛው ክፍል መስኮት ከውሃው ትንሽ ብቻ ከፍ ይላል፣ ከኋላ በኩል ከሆነም የሞተሩ ድምፅ ሌሊቱን ሁሉ ይሰማል። መካከለኛው ፎቅ፣ የመርከቡ መሃል ይሻላል። ሁለተኛ፣ በረንዳ ያለው ክፍል ለሙሽሮች እንጂ ለሁለት ዓመት ልጅ አይሆንም፤ በሩ ከላይ የሚቆለፍ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትቀበሉ። ሦስተኛ፣ ለአራት ሰው የሚሆን ክፍል እምብዛም የለም፤ በሁለት ክፍል ከተከፈላችሁ ጎን ለጎን እንዲሆኑ በጽሑፍ ይረጋገጥላችሁ። አራተኛ፣ «ሙሉ ምግብ» ማለት ምንን ይጨምራል? ብዙ ጊዜ ሦስት ጊዜ መብል ብቻ ነው፤ የታሸገ ውሃ እንኳ ለብቻ ሊከፈልበት ይችላል። አራት ሰው በቀን ስምንት ሊትር ሲጠጣ ሒሳቡ ቀላል አይደለም።

በማስታወቂያ ላይ የማታዩት ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ መርከቦች ወደብ ላይ ጎን ለጎን፣ አራትና አምስት ሆነው ይታሰራሉ። ወንዙን ያያል ተብሎ የተከራያችሁት መስኮት የሌላውን መርከብ መስኮት ሊያሳያችሁ ይችላል፣ የናፍጣ ጭስም ይገባል። ወደ መሬት የምትወርዱትም በሌሎቹ መርከቦች አዳራሽ አቋርጣችሁ ነው። በድልድዩ ላይ ልጅን እጅ ይዞ ማሻገር እንጂ ቀድሞ እንዲሮጥ መልቀቅ የለም። የላይኛው ሰገነት መዋኛ ትንሽ ነው፣ በጥር ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ዋና ጠባቂ የለውም።

በሉክሶርና በአስዋን መካከል ባለችው ኤስና ላይ መርከቦች የወንዙን ግድብ የሚያልፉበት በር አለ። መርከቡ እንደ ሳጥን ባለ ግንብ ውስጥ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው እየወረደ ወይም እየሞላ መርከቡን ያወርደዋል ወይም ያነሳዋል። ልጆች ከመቅደሶቹ ሁሉ አብልጠው የሚያወሩት ይህንን ነው፤ ሌሊት ካልሆነ ቀስቅሳችሁ አሳዩአቸው። ችግሩ ወረፋው ነው፤ መርከብ ሲበዛ ሰዓታት ይፈጃል፣ ለጥገና የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። ያኔ አንዱን መንገድ በአውቶቡስ ይወስዷችኋል። ከመክፈላችሁ በፊት «በጉዟችን ቀን በሩ ክፍት ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው ምርጫ ዳሃቢያ ይባላል፤ ባለ ሸራ፣ ከአምስት እስከ አሥር ክፍል ያለው ጀልባ ነው። ብዙ ጊዜ ከኤስና ስለሚነሳ የበሩ ወረፋ አይነካውም። ነፋስ ከሌለ በሞተር ጀልባ ይጎተታል። ትላልቆቹ የማይቆሙበት፣ እንደ ጀበል ሲልሲላ ያለ የጥንት ድንጋይ መፍለጫ ላይ ይቆማል። ዋጋው ከትልቁ መርከብ ይበልጣል፣ መዋኛም ብዙ ጊዜ የለውም። ከወንድም እህቶቻችሁ ቤተሰቦች ጋር ተሰባስባችሁ ጀልባውን በሙሉ የምትይዙ ከሆነ ከሁሉም የሚሻል ይህ ነው፤ ልጅ ቢያለቅስ የሚቆጣ የለም፣ የምግቡንም ሰዓት እናንተ ትወስናላችሁ። ለብቻ ሁለት ክፍል ይዞ ዝምታ ፈልገው ከመጡ እንግዶች ጋር መጓዝ ግን ለእናት ጭንቅ ነው።

ፌሉካ ክፍልም መጸዳጃም የሌለው ግልጽ የሸራ ጀልባ ነው። አስዋን ላይ ለአንድ ሰዓት ጥሩ ነው። ልጅ ይዞ ሌሊት ማደር አይሆንም።

ሦስተኛው ምርጫ መርከቡን ትቶ ሉክሶር ሆቴል ማደር ነው። ልጃችሁ ከአራት ዓመት በታች ከሆነ ይህን እንመርጣለን። ጠዋት አንድ መቅደስ፣ በቀትር እንቅልፍ፣ ማምሻውን በጀልባ አንድ ሰዓት፤ ማንም አያጣድፋችሁም። አስዋንን ማየት ከፈለጋችሁ በባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ነው።

የትኛው መቅደስ ለየትኛው ልጅ

ኮም ኦምቦ ከመርከቡ ወርዶ በእግር የሚደረስበት ነው፤ ብዙ ጊዜም ማምሻውን፣ ፀሐይ ሲበርድ ይጎበኛል። መቅደሱ እኩል ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ግማሹ የአዞ ራስ ላለው ሶቤክ፣ ግማሹ ለጭልፊቱ ሆሩስ። አጠገቡ ባለው ሙዚየም በመድኃኒት ደርቀው የተቀመጡ አዞዎች አሉ። የስድስት ዓመት ልጅ ያላችሁ እንደሆነ ከዚህ የሚበልጥ ቦታ አታገኙም።

እዚያው የናይልን ከፍታ ይለኩበት የነበረ ጥልቅ ጉድጓድ አለ። ለወሎ ልጅ ይህ በደንብ ይነገረው። ጥንት ግብፃውያን በዚያ ደረጃ ላይ የሚለኩት የሙላት ውሃ አብዛኛው የኛ ክረምት ነው፤ የደላንታና የተንታ ዝናብ በበሽሎ በኩል ዓባይ ገብቶ እዚያ ይደርሳል። የኮምቦልቻው ቦርከና ግን ወደ አዋሽ ስለሚሄድ አይደርስም። ካርታ ይዛችሁ ሁለቱን ወንዞች በጣታቸው እንዲከተሉ አድርጉ። እ.ኤ.አ. በ1970 የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ካለቀ ወዲህ ያ ሙላት ቆሟል።

ፊላይ በደሴት ላይ ነው። ግድቡ ስላሰጠመው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ድንጋይ በድንጋይ ተፈትቶ አጠገቡ ወዳለ ከፍ ያለ ደሴት ተወስዷል። የሚደረሰው በትንሽ የሞተር ጀልባ ነው፤ ያ ጃኬት የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ፊላይ ላይ ያለው፣ ኢሲስ የምትባለው የጥንት ጣዖት መቅደስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ተዘግቶ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ነበር፤ በግድግዳው የተቀረጹትን መስቀሎች ልጆቹ ይፈልጓቸው። የሉክሶር መቅደስ ውስጥ ደግሞ የአቡ ሐጃጅ መስጊድ አለ፤ እስከ ዛሬ ይሰገድበታል። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ማዕድ በሚቀመጡባት በወሎ ያደገ ልጅ ሁለቱንም ሲያይ የሚጠይቀው ብዙ ነው፤ ጊዜ ስጡት።

ኤድፉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ237 እስከ 57 የተሠራ፣ ከግብፅ መቅደሶች ሁሉ እጅግ ሳይፈርስ የቆየው ነው። ከወደቡ በፈረስ ጋሪ ይኬዳል፤ የኮምቦልቻ ልጅ ጋሪ ብርቁ አይደለም። ፈረሶቹ የሚበደሉና ጋሪ ነጂዎቹ በዋጋ የሚጨቃጨቁ ስለሆነ ባጃጅ ይሻላል። ዋጋውን ከመሳፈር በፊት፣ ለሰው ሳይሆን ለመላው ቤተሰብ፣ ለመሄጃና ለመመለሻ ብላችሁ ተስማሙ።

ካርናክ 134 ዓምዶች ያሉት አዳራሽ አለው፤ ትልልቆቹ 21 ሜትር ይደርሳሉ። ለድብብቆሽ የተሠራ ይመስላል፤ ልጅ የሚጠፋውም እዚያ ነው። የስልክ ቁጥራችሁን በእጁ ላይ በብዕር ጻፉ።

የነገሥታት ሸለቆ ከሁሉም ይከብዳል። አንዱ ትኬት ሦስት መቃብር ያስገባል፤ የቱታንካሙን ለብቻ ይከፈልበታል። ውስጡ ይወብቃል፣ ደረጃ አለ። ሦስተኛ ቱትሞስ የተቀበረበት ቁልቁል መሰላል ስላለው ለትንንሾች አይሆንም፤ የአራተኛ ራምሴስ መቃብር ሰፊና ቀጥ ያለ ስለሆነ በእሱ ጀምሩ። የልጅ ጋሪ እዚህም በሌላውም መቅደስ ሸክም ነው፤ ማዘያ ያዙ። አጠገቡ ባለው በሴቲቱ ፈርዖን በሐትሼፕሱት መቅደስ ወደ ፑንት፣ ግብፃውያን ከርቤ ያመጡባት ወደነበረች ጥንታዊ አገር፣ የተደረገው ጉዞ የተቀረጸበት ግድግዳ አለ፤ ብዙ ተመራማሪዎች ፑንትን በአፍሪካ ቀንድ ያደርጓታል። ልጆቹ የከርቤ ዛፎቹንና በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆሙትን ቤቶች ይፈልጉ።

የሁለተኛ ራምሴስ ግዙፍ ሐውልቶች ያሉበት የአቡ ሲምበል መቅደስ ከአስዋን 280 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሌሊት ተነስቶ ለአንድ መንገድ ከሦስት ሰዓት በላይ በበረሃ። ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ አንመክርም።

የመርከቡ ሰሌዳ ላይ 6:00 የሚል ካያችሁ ቀትር አይደለም፤ ማለዳ 12 ሰዓት ነው። በጥር ግብፅ ከኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር ለልጁ ሰውነት አንድ ሰዓት ሆኗል፤ በማለዳ መቀስቀስ ከሚፈራው ያነሰ ይከብዳል። ማታ ግን ከእራት በፊት እንቅልፍ ይጥለዋል። ምሳ ላይ አጥግቡት።

ምግብና ሆድ

ለጾመኛ ቤተሰብ ግብፅ አትቸግርም፤ ፉል፣ ጣዕሚያ (የባቄላ ጥብስ)፣ ኮሸሪ (የሩዝ፣ የምስርና የፓስታ ቅይጥ) እና የምስር ሾርባ በየቦታው አሉ። ሥጋውም ለሙስሊም ቤተሰብ ሐላል ነው። በረመዳን ግን መቅደሶች ቀድመው ይዘጋሉ፤ በ2019 ዓ.ም. ረመዳን በየካቲት መጀመሪያ ገደማ ይገባል፣ በ2020 ወደ ጥር ስለሚመጣ ዕረፍቱን ይበልጥ ይነካል።

ልጆችን የሚጥላቸው ተቅማጥ ነው። ጥሬ ሰላጣና በረዶ ይቅር፣ ጥርስም በታሸገ ውሃ ይታጠብ። ኦአርኤስ (በተቅማጥ የጠፋውን ውሃና ጨው የሚተካውን ዱቄት) ከደሴ ፋርማሲ ገዝታችሁ ያዙ። አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፤ በግማሽ ሊትር መበጥበጥ ጨውን አብዝቶ ልጁን ይጎዳል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለ ከ100 እስከ 200 በትንሽ በትንሹ ስጡት፤ የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም። ደም ከታየ፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ዓይኑ ከጎደጎደ ሐኪም ጋር ነው።

ወረቀትና ገንዘብ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የግብፅን ቪዛ አዲስ አበባ ካለው ኤምባሲ አስቀድሞ ማውጣት አለበት። ልጆችም እንደ ትልቅ ሰው የየራሳቸው ፓስፖርት ይኑራቸው። ከወላጆች አንዱ ብቻ የሚሄድ ከሆነ የልደት የምስክር ወረቀትና የሌላኛው ወላጅ የተረጋገጠ ፈቃድ ይያዝ። ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ከዘጠኝ ወር በላይ ለሆነ ሁሉ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ካርዱ የሚጸናው ከተወጋበት ቀን አሥረኛው ቀን ጀምሮ ነው። በጉዞ ሳምንት መከተብ ዋጋ የለውም።

በብዙዎቹ የግብፅ ታሪካዊ ቦታዎች የመግቢያ ክፍያ በካርድ ብቻ ሆኗል። ለአገር ውስጥ ብቻ የሚያገለግለው የኤቲኤም ካርድ እዚያ አይሠራም። በውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ከባንካችሁ አስቀድማችሁ አውጡ፤ ባንኩ ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ቲኬት ይጠይቃችኋል። ጥሬ ገንዘብ ለጋሪ፣ ለፊላይ ጀልባ፣ ለመጸዳጃ ቤትና ለጉርሻ ያስፈልጋል፤ ዝርዝር ሳንቲም ሳይያዝ ከመርከብ አይወረድ።

የልጆች ቅናሽ በየመርከቡ ይለያያል፤ አንዱ በስድስት ዓመት የሚያቆመውን ሌላው በአሥራ ሁለት ያቆማል። የልጁን ዕድሜ በጉዞው ቀን የሚሆነውን ንገሩ እንጂ በተመዘገባችሁበት ቀን ያለውን አይደለም።

በዕድሜ ሲመረጥ

ከአራት ዓመት በታች ልጅ ላለው፣ ዘንድሮ ሐይቅ ይበቃል፤ ናይል ግድ ከሆነም ሉክሶር ሆቴል አድሮ ነው። ከአምስት እስከ ሰባት፣ በጥቅምት የዘጌ ግማሽ ቀን ወይም በጥር የሦስት ሌሊቱ መርከብ፤ አቅሙ ካለ መርከቡን እንመርጣለን፣ ከጣና ማዕበል ይልቅ እንቅልፍ ያለው ጉዞ ስለሆነ። ከስምንት እስከ አሥራ አራት ላሉት ናይል ያለ ክርክር ይቀድማል፤ በትምህርት ቤት የተማሩትን ያገናኙታል። የሁለቱም ዓይነት ልጅ ያለው ቤተሰብ ለትንሹ ይምረጥ፤ አባት ወይም አጎት ታላቁን ይዞ አንድ ጠዋት ወደ ሸለቆው ይሂድ፣ እናት ከትንሹ ጋር መርከቡ ላይ ትቆይ፤ በማግስቱ ይቀያየሩ።

ጉዞው በጥር መጨረሻ ከሆነ ፓስፖርቱ እስከ መስከረም፣ የመርከቡ ቦታ እስከ ጥቅምት፣ ክትባቱ እስከ ኅዳር፣ ቪዛው በታኅሣሥ ይለቅ። ከደሴ ለሚነሳ ቤተሰብ የኮምቦልቻው በረራ ሐረጎን መውረድ ይጠይቃል፤ ጉም ከሆነ 25 ኪሎ ሜትሩ ከታሰበው በላይ ይፈጃል፣ በረራውም ሊዘገይ ይችላል። የኮምቦልቻውንና የካይሮውን በረራ በአንድ ቀን አታድርጉ። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አንድ ሌሊት አድራችሁ፣ ልጆቹ ጠግበው ከተኙ በኋላ በማግስቱ ተነሱ።